ግድግዳ የማያዘነብል ካሜራ ፍለጋ፦ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከልጄ ከእመቤት ጋር ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤታችን የወጣነው ካሜራ ፍለጋ ነው። ካሜራ ጅማ ጠፍቶ አይደለም። መርካቶ ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ ሁሉ ከሚሊኒየሙ ወዲህ ዲጂታል ካሜራ በኪሱ ይዞ ይመጣል። እኛ የፈለግነው የዱሮውን ዓይነት ነው፤ ሌንሱ ከፊት፣ የሚታይበት ፈዛዛ መስታወት ከኋላ፣ በመካከላቸው እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ሽንሽን ቆዳ ያለውን። ባለሙያዎቹ ቪው ካሜራ ይሉታል። የዱሮ ዕቃ ለዲጂታል ሥራ ስለምን እንዳስፈለገን ላስረዳ፤ አለዚያ አንባቢ እብዶች ናቸው ይለናል።

በሊሙ በኩል ያለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጅማ ላይ አዲስ ቢሮ ሊከፍት ነው። ለቢሮው ግድግዳ የሚሆን የሊሙ ገነቱን መጋዘን ትልቅ ፎቶግራፍ እንድታነሳ እመቤትን አዘዛት። በእኔ ስቱዲዮ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ያገኘችው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነው። በዲጂታሏ አንስታ ወሰደችለት። መጋዘኑ ረጅም ስለሆነ ጣሪያው እንዲገባላት ካሜራዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ነበር፤ ግድግዳዎቹም ከላይ ወደ መሐል ተጋደሙ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን እያገላበጠ፣ «እመቤት፣ መጋዘናችን ጠጥቷል እንዴ?» አላት። እስከ ሰኞ ቀጥ ያለ ካላመጣች ሥራው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ባለሙያ እንደሚሰጥ ነገራት። ሰውየውን አልፈርድበትም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይገባዋል።

በቪው ካሜራ ግን ማንም ቀና አይልም። የካሜራው ጀርባ እንደ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍ የሚለው ሌንሱ ብቻ ነው። ግድግዳውም ቀጥ ብሎ ይቀራል። የእኔው የእንጨት ካሜራ ለጉርድ ፎቶ የተሠራ ስለሆነ ሌንሱ ንቅንቅ አይልም። እመቤት አዲስ አበባ ባለች ጓደኛዋ በኩል አንድ ተንሸራታች ሰሌዳ አስመጥታለች። ሰሌዳው በቪው ካሜራው ጀርባ ይገጠማል፤ በአንድ ወገኑ ፈዛዛው መስታወት ይገባል፣ በሌላው ወገን የእሷ ዲጂታል ካሜራ ይታሰራል። በመስታወቱ አይተህ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ ሰሌዳውን ገፋ አድርገህ በዲጂታሉ ታነሳለህ። የቀረን ሰሌዳውን የሚሸከመው ካሜራ ነበር። አንድ አጋሮ፣ አንድ ሊሙ ገነት እንዳለ ሰማን። ከሁለቱ መርጠን፣ አንስተን፣ ሰኞ ጠዋት ማድረስ ነበረብን።

ከመናኸሪያ የአጋሮ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሦስት እግሩን በጨርቅ ጠቅልዬ በጉልበቴ መካከል ስለያዝኩት አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ሰላም ካለኝ በኋላ ዓይኑን ከጥቅሉ ላይ አልነቀለም።

«ጋሼ፣ ምርጫው ገና ነው አይደል? ምን ይዘው ነው የሚዞሩት?»

«የካሜራ መቆሚያ ነው።»

«እግዜር ይስጥዎ፤ እኔ ወርጄ በእግሬ ልሄድ ነበር» አለ፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ መንገድ ላይ ቀልድ አልወድም፤ የዚያን ዕለት ግን ሳልወድ ፈገግ አልኩ።

አስፋልቱ ካለበት የሌለበት ይበዛል። ከየቡ መገንጠያ በኋላ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ በጥቅምት ፍሬው ቀልቶ በየደጃፉ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ሹፌሩ ከፊታችን ያለውን አይሱዙ ለመቅደም ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ በሦስተኛው ተቆጣሁት። ሰው ለመድረስ እንጂ ለመቅደም አይሳፈርም።

አጋሮ

ካሜራው ያለው አዴ ዚያዳ የሚባሉ ሴት ቤት ነው። ባለቤታቸው ከገበያው ጀርባ ለብዙ ዘመን ፎቶግራፍ ቤት ነበራቸው፤ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አዴ ዚያዳ በር ላይ ተቀብለው፣ «አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ፣ ታኣ» እያሉ በኦሮምኛ ደኅንነታችንን ጠይቀው አስቀመጡን፤ ሙዝና ሻይ ቀረበ። ካሜራውን ከነጠላ ውስጥ ሲያወጡት ቀርቤ አየሁት። ቀይ እንጨት፣ የነሐስ ማጠፊያ፣ እጅ የበዛበት ቦታ ሁሉ እንደ መስተዋት የሚያበራ። የኔው ካሜራ ታላቅ ወንድም ይመስላል።

«ባሌ በዚህ ግማሽ አጋሮን ድሮበታል» አሉ አዴ ዚያዳ። «አሁን የልጅ ልጆቻቸው ይመጡና የአያቶቻችንን የሠርግ ፎቶ አሳዩን ይላሉ።»

እኔ እዚያው ልገዛው ነበር። እመቤት ግን ከቦርሳዋ የግንበኛ ውሃ ልክና ትንሽ ባትሪ አወጣች። መስኮቱን አስዘግታ ባትሪውን በሽንሽኑ ቆዳ ውስጥ አበራች፤ በየእጥፋቱ ጫፍ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ወጣ። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም። ከዚያ ውሃ ልኩን ከጀርባው ላይ አስቀመጠች። እንጨቱ የአጋሮን ዝናብ ጠጥቶ፣ በአንድ ጥግ አብጦ፣ ጀርባው ጠሟል። ለፊልም ምናልባት ይታለፍ ይሆናል። የዲጂታሉ ብርሃን መቀበያ፣ ሴንሰር የሚሉት፣ ግን የቴምብር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ የወጣ ምስል የግድግዳ ያህል ሲተልቅ ትንሿ ጥመት አብራ ትተልቃለች። ይህን ያስረዳችኝ እሷ ናት።

«ቆዳውን እለጥፈዋለሁ፣ እንጨቱን እልገዋለሁ» አልኩ።

«አባባ፣ እስከ ሰኞ?»

«አንቺ አሮጌ ነገር ስለማትወጂ ነው።»

የመለሱልኝ አዴ ዚያዳ ናቸው። «ልጅቷ ልክ ናት። ያረጀ ዕቃ እንደ ያረጀ ሰው ነው፤ ይከበራል እንጂ አይታዘዝም። እኔም እኮ ለመሸጥ ልቤ አልቆረጠም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሆነም።» ካሜራውን መልሰው በነጠላ ጠቀለሉት፤ ለመንገድ አንድ እቅፍ ሙዝ ሰጡን።

እኔ ለልጆቼ ዕቃ በሆድ አይመረጥም እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የዚያን ዕለት በሆዴ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ወደ ጅማ ስንመለስ ሙዙን እየላጥኩ አቀበልኳት።

ዓርብ፣ ወደ ሊሙ ገነት

በቅጥቅጥ ሄድን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ የመስኮቱ መስታወት፣ የሰው ጥርስ፣ የእኔ ሦስት እግር ሁሉም በአንድነት ይንገጫገጫሉ። ዲጂታሏን እመቤት እንደ ሕፃን ታቅፋ ሄደች። ከጥላ ዛፍ ሥር ጫካ የሚያህል ቡና፣ ቅርጫት ያዘለ ለቃሚ፣ በየወንዙ ዳር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ። የታጠበ ቡና የሚሸተውን የኮመጠጠ ሽታ የማያውቅ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኛ ግን በዚያ ሽታ የዓመቱን ሁኔታ እንለካለን። ዘንድሮ ደህና ነው ተባባልን።

ሊሙ ገነት ስንደርስ የሁለተኛው ካሜራ ባለቤት የአቶ ተማም ሱቅ ተዘግቷል። አቶ ተማም ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም ይነግዳሉ፤ ቀደም ሲል የቡና እርሻ ማሽኖችን ፎቶ እያነሱ ይኖሩ ነበር፤ ካሜራውን የገዙትም ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ባለሙያ ነው። ጁምዓ ስለነበር እስኪመለሱ የጾም በያይነቱ በልተን ጠበቅን።

ነጭ ቆብ አድርገው መጡ፤ የእኔ እኩያ ናቸው። «ጋሽ ወርቁ እርስዎ ነዎት? ጅማ ያለውን ቤትዎን አውቀዋለሁ። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ እርስዎ ነዎት ያነሱኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ 'አትሳቅ' ብለው ስለጮሁብኝ እስከ ዛሬ መታወቂያዬ ላይ የተጣላሁ እመስላለሁ።»

ካሜራውን ከብረት ሣጥን አወጡት። እርጥበት እንዳይነካው ከዙሪያው በከረጢት የታሰረ ከሰል አስቀምጠዋል። ወንበር የሚያህል ብረት ነው፤ አንድ ሐዲድ ላይ ሌንሱና ጀርባው ይንሸራተታሉ፣ በየጎኑ የሚዞር ቁልፍ፣ በየቁልፉ ሥር የተቀረጸ ቁጥር። አልወደድኩትም። የወፍጮ ቤት ዕቃ ይመስላል። እመቤት ባትሪዋን በሽንሽኑ ውስጥ አበራች፤ አንድም ቀዳዳ የለም። ውሃ ልኩን ጀርባው ላይ አኖረች፤ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። ሌንሱን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ቆለፈችው፣ በእጇ ጫን አለችው፤ አልተነቃነቀም። ወደ ዜሮው ስትመልሰው ዜሮው ላይ አረፈ።

«አባባ፣ ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«መጀመሪያ ይፈተን» አልኩ።

አቶ ተማም ሣጥኑን ወደ እኔ ገፉት። «ውሰዱት። ነገ መጋዘኑ ዘንድ ሞክሩት። ከተስማማችሁ በዋጋ እንነጋገራለን።»

«ወረቀት እንፈራረም።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ወረቀት ካሜራ ይመልሳል? የሚመልሰው ሰው ነው።»

ዓርብ፣ አሥር ሰዓት፣ አልጋ ቤት

እመቤት ለላፕቶፗ የሚሆን ማከፋፈያ ልትፈልግ ወጣች። እኔ ብቻዬን ስሆን እጄ ሥራ አይፈታም። የካሜራውን ፈዛዛ መስታወት አየሁት። አንዱ ገጹ ልስልስ፣ ሌላው ገጹ ሻካራ ነው፤ ምስሉ የሚያርፈው በሻካራው ላይ ነው። ሻካራው ወደ ሌንሱ ዞሮ ነበር። በእኔ ቤት ግን መስታወቱ ሁልጊዜ ሻካራው ወደ እኔ ነው፤ እርሳስ የሚጽፈው በሻካራ ላይ ብቻ ስለሆነ። ለመታወቂያ ፎቶ ጭንቅላት የት እንደሚያርፍ፣ ትከሻ የት እንደሚያልቅ በእርሳስ አሰምርበታለሁ። በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ የተበላሸ ካሜራ ፈትቼ ገጥሜ በራሴ የደረስኩበት ነው፤ እኮራበታለሁ። አራቱን ብሎኖች ፈታሁ፣ መስታወቱን ገለበጥኩ፣ ለመጋዘኑ ግድግዳ የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመርኩ፣ መልሼ አጠበቅሁ። ለልጄ የሠራሁላት ውለታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ መጋዘኑ ፊት

ጠዋት ፉል በልተን መጋዘኑ ደረስን። ፀሐይዋ ከጎን ስለምትመጣ የቆርቆሮው ሸንተረር ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሦስት እግሩን ተከልኩ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነብኩ። በመስታወቱ ላይ ምስል ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ሰማይ ከታች፣ መሬት ከላይ። እመቤት ሌንሱን በቁልፉ ከፍ፣ ከፍ ስታደርገው፣ ጣሪያው ቀስ ብሎ ገባ፤ ግድግዳዎቹ ግን በእርሳስ መስመሬ ላይ ተኝተው ቀሩ። አልተጋደሙም። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም ነበር።

ቡና የምትለቅም አንዲት ሴትዮ ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ተጣራች። «አባቴ፣ ምን አድርገው ነው እንዲህ የሚከናነቡት? አፍረው ነው?»

«ፀሐይ እንዳይገባ ነው።»

«እንግዲያው እኛንም ያልብሱና!»

እኔ በማጉያዬ አይቼ ፎከሱን አስተካከልኩ። እመቤት ሰሌዳውን ልትገፋ ስትል፣ «አባባ፣ በዲጂታሉ መመልከቻም አንዴ ልየው?» አለች።

«ለአንድ ወጥ ሁለት ሰው ጨው አይጨምርም» አልኳት። «እኔ አስተካክያለሁ። አንቺ ተጫኚ።»

ተጫነች። የሴንሰሩ ስፋት ትንሽ ስለሆነ ግራውን፣ መሐሉንና ቀኙን ለየብቻ እያነሳች፣ በኋላ በኮምፒውተር ሰፍታ አንድ ታደርገዋለች። ብዙ አነሳን። በዲጂታሏ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ሲታይ መጋዘኑ እንደ ወታደር ቆሟል። ሻይ ጋበዝኳት። እኔ ሻይ መጋበዝ አላበዛም።

ቅዳሜ፣ አምስት ሰዓት

አልጋ ቤት ላፕቶፑን ከፈተች። ግድግዳው ቀጥ ብሏል። አተለቀችው፤ ቆርቆሮው እንደ ቀለጠ ሻማ ሆነ። ሁለተኛውን ከፈተች፤ እንዲሁ። ሁሉም እንዲሁ። ቀጥ ያለ ጭጋግ።

«ይሄ ለጉርድ እንኳን አይሆንም» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ እጇ ግን ከላፕቶፑ ላይ አልተነሳም። ሰኞ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልጻፍ። ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ተሸክሜ አቶ ተማም ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ገበያተኞች ነበሩ። በእነሱ ፊት ጮህኩ።

«ሌንሱ የሞተ ነው! እያወቅህ ነው የሰጠኸኝ! እኔን ጅማ ያደገ ሽማግሌ ታታልላለህ?»

ትናንት እርስዎ ያልኩትን ሰው አንተ አልኩት። አቶ ተማም የሚመዝኑትን ሚስማር አስቀመጡ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ጋሽ ወርቁ፣ ይቀመጡ። አንድ ሳንቲም አልወሰድኩብዎም። ካሜራው የማይሆን ከሆነ እዚያው ያስቀምጡት፤ ስሜን ግን ይዘውብኝ አይሂዱ።»

እመቤት እየሮጠች ደረሰች። ምንም ሳትናገር ካሜራውን በሱቁ በር ላይ ተከለች፤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ አዞረችው። በዚህ ጊዜ ወደ መስታወቱ አልሄደችም፤ ጠዋት የከለከልኳትን አደረገች፣ በራሷ ዲጂታል መመልከቻ አይታ ፎከሱን አስተካክላ ተጫነች። ላፕቶፑን በቆርቆሮ ክምር ላይ ከፈተች፣ አተለቀች። የማስታወቂያው ፊደል ሁሉ፣ የተሰነጠቀው ቀለም ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ።

«አባባ፣ ሌንሱ ደህና ነው» አለች።

ሌንሱ ደህና ከሆነ ፎከሱን ያጠፋው ማነው? ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት ጅማ ላይ ሐኪም የዓይን ሞራ ጀምሮሃል ብሎኛል፤ ለቤቴ ሰው አልተናገርኩም። ዓይኑን ያጣ ፎቶግራፍ አንሺ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። የሚስማር ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓይኔ ነው» አልኳት። «ሄዷል። ሥራሽን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ።»

እነዚያ ገበያተኞች እንኳን ወደ ሌላ ዘወር አሉ። እመቤት አጠገቤ ተንበረከከች። «ማን አለ?» አለች።

«ሐኪም።»

«እሺ። ይነሱና አሁን በመስታወቱ ያስተካክሉልኝ።»

ተነሳሁ። ጨርቁን ተከናነብኩ፣ በማጉያው እያየሁ የመድኃኒት ቤቱን ማስታወቂያ አስተካከልኩ። ለእኔ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር ተገልብጣ ሳለች አነበብኩላት። ከዚያ እሷ ጨርቁ ውስጥ ገባች። ብዙ ቆየች።

«አባባ፣ እኔም የማየው ጥርት ብሎ ነው።»

ጨርቁን ገልጣ ወጣች፣ ሰሌዳውን ገፍታ አነሳች፣ አተለቀች። ጭጋግ። ሁለታችንም በመስታወቱ ላይ ጥርት ብሎ ያየነው ነገር በዲጂታሉ ደበዘዘ። ዓይን አይደለማ! አራት ዓይን በአንድ ጊዜ አይታወርም። መስታወቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የለም ማለት ነው።

አቶ ተማም ቀርበው በጥፍራቸው መስታወቱን ጫር አደረጉት፤ ክርር የሚል ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ሻካራ ለምን ወደ ውጭ ዞረ? ይሄ እርሳስስ? እኔ እንዲህ አላስቀመጥኩትም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። መስታወቱ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ምስሉ የሚያርፈው በሻካራው ገጽ ላይ ነው፤ ስገለብጠው ሻካራው በመስታወቱ ውፍረት ልክ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ የማስተካክለው በዚያ በሸሸው ገጽ ላይ ነው፣ ሴንሰሩ ግን ከቦታው አልሸሸም። ታዲያ ቤቴ ያለው ካሜራ እንዴት ሠላሳ ዓመት ሠራ? የፊልም መያዣውን ከእንጨት የሠራሁት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር እየደበዘዘ ሲያስቸግረኝ፣ ከመያዣው ሥር ቀጭን ጣውላ እየጨመርኩ ጥርት እስኪል ሞከርኩ። ጣውላው ያረመው መስታወቱን ነበር። አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት ደግፌ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሙያ ብዬ ጠራሁት። በራሱ የተማረ ሰው ስህተቱንም በራሱ ይማራል፤ የሚያርመውም ስለሌለ አጥብቆ ይይዘዋል።

የሰደብኩት በሰው ፊት ነበር፤ ገበያተኞቹ ሊወጡ ሲሉ ቆዩ አልኳቸው። «አቶ ተማም፣ አጥፍቻለሁ። ካሜራዎ ንጹሕ ነው፣ እርስዎም። እነዚህ ሰዎች ስድቤን እንደ ሰሙ ይቅርታዬንም ይስሙ።»

አቶ ተማም ትከሻዬን ያዙኝ። «ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም። አልሐምዱሊላህ ይበሉ፤ ዓይንዎ ደህና ነው። ለምላስዎ ግን ሐኪም ይፈልጉለት።»

መጀመሪያ የሳቀችው እመቤት ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከትከሻዬ አንድ ከረጢት የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። የምስቀው ከእፍረት ይሁን ከደስታ አሁንም አላውቅም፤ ግን ቆሜ መሳቅ አቅቶኝ ሣጥኑ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መስታወቱን እመቤት ናት የገለበጠችው። ብሎኖቹን ስታጠብቅ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ዘንድ ተመለስን፤ ፀሐይዋ ወደ ሌላው ጎን ዞራለች፤ ብርሃኑ ከጠዋቱ ይልቅ የለሰለሰ ነው። ያቺ ለቃሚ ሴትዮ፣ «ደግሞ መጡ! ጠዋት ያፈሩት አልለቀቀዎትም?» አለችኝ።

«ቅድም ነበር ማፈር የነበረብኝ» አልኳት፤ አልገባትም።

እኔ በመስታወቱ አስተካከልኩ፤ ከዚያ ራሴ ሰሌዳውን ገፍቼ፣ «በመመልከቻሽ እዪው» አልኳት። አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ተጫነች። ላፕቶፑን በመጋዘኑ ሚዛን ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ቆርቆሮውን የያዘው ሚስማር ሁሉ፣ ከሚስማሩ ሥር የፈሰሰው ዝገት ሳይቀር ይታያል። ግድግዳው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሚዛን ቤቱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ለካ መጋዘናችን ቆንጆ ነው» አለ። ብረቱን ካሜራ የዚያኑ ዕለት ገዛነው። አቶ ተማም ለይቅርታው ብለው ዋጋ አልቀነሱም፤ ለስድቡም ብለው አልጨመሩም። ነጋዴ እንዲህ ነው።

እሑድ

ወደ ጅማ ስንመለስ ያው ኮረኮንች ነው፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። መኪና ላይ ተኝቼ አላውቅም፤ ሹፌሩን መጠበቅ ያለብኝ ይመስለኛል። ስነቃ ራሴ ልጄ ትከሻ ላይ ነበር፤ ብረቱ ካሜራ ደግሞ የሁለታችንም እግር ላይ ተጋድሞ አደንዝዞናል። ስለ ሐኪሙ ለምን እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ። ማክሰኞ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ልንሄድ ተስማማን።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። ከዚያ እመቤትን፣ «የቀሩትን አራት መጋዘኖች መቼ ታነሺልናለሽ?» አላት። እኔን ማን እንደሆንኩ ሲጠይቃት፣ «አባቴ ናቸው፣ ሦስት እግሩን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው» አለች። እውነት ነው፤ አላረምኳትም።

ቤት ገብቼ ግን አላረፍኩም። በእኔ ቤት ሙያ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ሁሉንም መስታወት መገልበጥ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ጥፋትን አስተምሮ እርማቱን መሸሸግ ከሌብነት አይተናነስም። መጀመሪያ የደወልኩት ሰኮሩ ፎቶ ቤት ላለው ለከድር ነው፤ ቤቴ ሦስት ዓመት የተማረ ትጉህ ሰው ነው።

«አቤት ጋሼ! በደህና ነው?»

«ከድር፣ የቪው ካሜራህን መስታወት ሻካራውን ወደ ሌንሱ አዙረው። እኔ ያስተማርኩህ ስህተት ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

«አለሁ ጋሼ። ጋሼ... እኔ እኮ ካዞርኩት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የእኔ የፊልም መያዣ የፋብሪካ ስለነበረ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደበዘዘብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ጅማ መጥቻለሁ። ሁለቴም በርዎ ድረስ ደርሼ፣ ሰላም ብዬ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።»

ከሰኮሩ ጅማ የሁለት ሰዓት ጉዞ ነው። አንዲት እውነት ያንን መንገድ ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት፤ በር ላይ ቆሜ የመለስኳት እኔ ነኝ። አቶ ተማም አትሳቅ የተባሉበት መታወቂያ፣ እመቤት በመመልከቻዬ ልየው ብላ ዝም ያሰኘኋት ጠዋት፣ ከድር የጠጣው ሻይ፣ ሁሉም አንድ ነገር ናቸው። ቁጣዬን ሥርዓት ነው ስል ኖሬያለሁ። ሥርዓትስ ሥርዓት ነው፤ ግን ሰው የሚያውቀውን እንዳይነግረኝ ከከለከለው ሥርዓት ሳይሆን ጨለማ ነው።

«ከድር» አልኩት፣ «ቅዳሜ ና። እኔ ያስተማርኩህ ሌላም ስህተት ካለ፣ ሳትፈራ አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ እንግዲያው በአንድ ቀን አያልቅምና እዚያ የማድርበት አልጋ አለ?»

«አለ» አልኩት። ባለቤቴ አንሶላ እያወጣች ነው።